ቦታ ያዧ

የኦፓል ስትራውድ ሥራ መቆም ነበር። ሎሬይን ቴልፎርድ የተባለችው ተዋናይ የምትቆምበት ቦታ ላይ ቀድማ ትቆማለች፤ የምትቀመጥበት ላይ ቀድማ ትቀመጣለች። መብራት ሠራተኞቹ ፓውዛ ሲያወጡና ሲያወርዱ፣ ካሜራማኑ ጥላው ከአፍንጫዋ በየት በኩል እንደሚወድቅ ሲያጠና፣ እሷ አትነቃነቅም። ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልም ግማሹ ጥላ ስለሆነ መብራቱ ቶሎ አያልቅም። ሁሉም ሲሰናዳ ረዳት አዘጋጁ «ዋናዋ ትምጣ» ይላል። ኦፓል ትነሣለች፤ ሎሬይን ላብ ሳይነካት መጥታ ትቀመጣለች። ሥራው «ቦታ ያዥ» ይባላል። የቦታ ያዥ ፊት ፊልም ላይ አይታይም። ስሟም አይጻፍም።

ሥራውን ያገኘችው በቁመቷና በትከሻዋ ነው። የጸጉሯ ቀለም ግድ አልነበረም፤ ግድ የነበረው ካሜራው ውስጥ የሚሰጠው ግራጫ ነው። የኦፓል ቀይ ጸጉርና የሎሬይን የተቀባ ቡናማ ጸጉር ካሜራው ውስጥ አንድ ነበሩ።

ሎስ አንጀለስ የገባችው ገና ልጅ እግር ሳለች ነው። ከዚያ በፊት የድርቁ ዘመን አቧራ ከኦክላሆማ ሲያባርራቸው አባት፣ እናት፣ እሷና ታናሽ ወንድሟ ዶይል ፍራሽ በተጫነበት መኪና ቤከርስፊልድ አካባቢ ጥጥ ለቀማ ወርደው ነበር። አባት እዚያው ሞተ። እናት፣ ዊላ ታኬት፣ አርቪን በምትባል ትንሽ ከተማ በእንጨት ቤት ቀረች። ኦፓል አንድ መርከበኛ አገባች፤ ስትራውድ የእሱ ስም ነው። ባሏ ከጦርነቱ ተመለሰ፤ ወደ እሷ ግን አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በ1949 ከተማው መሀል ባለ ኮረብታ ላይ ካሉት አሮጌ ቤቶች በአንዱ አንድ ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት ቁርስም በሚሸጥ አንድ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ እንቁላል በዳቦ ትበላና በትራም ወደ ስቱዲዮ ትሄዳለች። ከሥራ ባልደረቦቿ አንዳቸውም ወንድም እንዳላት አያውቁም ነበር።

ወንድሟ ሊገደል ነበር። ዓርብ፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት።

ነገሩ የተጀመረው ከዓመት በፊት ነው። ሁለት ሰዎች ሳክራሜንቶ አጠገብ የአንድ ጣሳ ፋብሪካ ደመወዝ ሊዘርፉ ገቡ፤ ሦስተኛው ውጭ መኪና አስነስቶ ጠበቀ። የፋብሪካው ዘበኛ ተገደለ። ተኳሹ እዚያው በፖሊስ ጥይት ወደቀ፣ ሁለተኛው አመለጠ፣ መኪናው ውስጥ የነበረው ተያዘ። በዝርፊያ ላይ ሰው ከሞተ ሕጉ ተኳሽና ሾፌር አይለይም፤ ሁለቱንም ወደ ጋዝ ክፍል ይልካል። ኦፓል የተፈረደበትን ሰው ፎቶ ጋዜጣ ላይ ያየችው ትራም ውስጥ ነው። ፎቶው የዶይል ነው። ከሥሩ የተጻፈው ስም ግን ሬይ ኮል ይላል።

በማግስቱ ወደ ሰሜን ተጓዘች። በእስር ቤቱ ሽቦ በኩል ዶይል ሲያያት መጀመሪያ ተቆጣ።

«ማን ነኝ ብለሽ ገባሽ?»

«እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም።»

«ከጠየቁሽ ወዳጅ ነሽ። እህት የለኝም። ስሜ ሬይ ነው።»

«ለምንድን ነው እንደዚህ የምታደርገው?»

«ለእማ። እሷ የምታውቀው መርከብ ላይ ተቀጥሬ መሄዴን ነው። እዚያው ልቅር።»

«ኋላስ? ምን እላታለሁ?»

«መርከቡ ሰጠመ በያት። ሰው ባሕር ላይ ሲሞት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቤት ድረስ ምግብ ያመጡላታል። እዚህ ስሞት ግን የሚያመጣላት አይኖርም።» ሳቅ አለ። «ማይልኝ፣ ኦፓል።»

ማለችለት።

*

ሎሬይን ያን ጊዜ የምትሠራው ፊልም «ሐሙስ ማታ አትጠብቀኝ» ይባላል። አንዲት ሴት ወዳጇ የገደለውን ሰው እኔ ገደልኩ ብላ ትፈርምና መጨረሻ ላይ በጋዝ ክፍል ትሞታለች። ኦፓል ውሉን ስትፈርም የፊልሙን ስም እንጂ መጨረሻውን የነገራት አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ወደ ቀረጻ አዳራሹ ስትገባ አናጢዎቹ ክፍሉን ጨርሰውት ነበር፦ ባለ መስታወት ክብ ነገር፣ መርከብ ላይ እንዳለ ዓይነት የብረት በር፣ መካከሉ ላይ ወንበር።

«ኦፓል፣ ቁጭ በይ» አለ ረዳት አዘጋጁ።

ማሰሪያውን እንዴት እንደሚያደርጉ የሚያሳይ አማካሪ ተቀጥሮ ነበር፤ ካፒቴን ሃርላን ሉደር ይባላል። በሰሜኑ እስር ቤት አርጅቶ ጡረታ የወጣ፣ ኪሱ ኦቾሎኒ የማያጣ ሰውዬ ነው።

«እውነተኛው ሁለት ወንበር ነው ያለው» አለ።

«ሁለት ወንበር ካለ ተመልካቹ ሁለተኛው ሰው የት ሄደ ይላል» አለ አዘጋጁ። «አንድ ይበቃናል። ቀለሙስ?»

«አረንጓዴ።»

«ለኛ ግራጫ ነው፣ ምንም አይደል።»

ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ የኦፓልን እጅ ከወንበሩ ክንድ ጋር አሰረ። ጠበቅ አላደረገውም። ካሜራማኑ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሣ ተናገረ።

«እጇ ይንቀጠቀጣል። ጥላው እየዘለለብኝ ነው።»

«በርዷት ይሆናል» አለ ከላይ ፓውዛ የያዘው።

«እዚህ እሳት ሥር ተቀምጣ? እንቁላል ብታስቀምጥላት ይበስላል።»

ተሳሳቁ። ኦፓል ካፒቴኑ ሁለተኛ እጇን ሲያስር ጠብቃ በቀስታ ጠየቀችው።

«ካፒቴን፣ ብዙ ይቆያል?»

«ትንፋሻቸውን ካልያዙ አይቆይም። ሁልጊዜም እነግራቸው ነበር፤ ደወሉን ስትሰሙ በደንብ ሳቡት እላቸዋለሁ። የሚይዙት ናቸው የሚሠቃዩት።» ይህን እንደ ለመደ ሰው ካለ በኋላ ቀና ብሎ ፊቷን አየ። ማኘኩን ተወ። «ማን ነው?»

«ማን ማለት?»

«ልጄ፣ ይህን ጥያቄ ለፊልም ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እዚያ ማን አለሽ?»

ምሳ ሰዓት ላይ ነገረችው። ስሙን፣ ሾፌር ብቻ መሆኑን፣ ዓርብን። ስለ እናቷና ስለ መሐላው ግን መጨረሻ ላይ ነው የነገረችው። ካፒቴኑ የኦቾሎኒ ልጣጩን መሬት ላይ እየጣለ ሰማት።

«ስንት ሰው ለአገረ ገዥው ጽፎለታል?»

«ጠበቃው ብቻ።»

«ችግሩ እሱ ነው። አገረ ገዥው ክፉ ሰው አይደለም። ግን የሚያለቅስለት የሌለውን ሰው ፋይል ቶሎ ይዘጋል። ሾፌር ብቻ የሆነ፣ እናት ያለው፣ እናቱ ደግሞ ጋዜጣ ላይ የወጣች እንደሆን፣ ዕድሜ ልክ ያደርግለታል። ሲያደርግ አይቻለሁ።»

«እርስዎ ይደውሉላቸው።»

«እደውላለሁ። ግን አሁን የማንን ደመወዝ ነው የምበላው? የስቱዲዮ ሰው ነኝ። የሚሰማኝ የለም።» እጁን አራገፈ። «እናት ያስፈልግሻል። ጋዜጣም ያስፈልግሻል።»

*

ጋዜጣ የሚያውቀው የስቱዲዮው የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊ ማይረን ጊብስ ነበር። ጊብስ መጥፎ ሰው አልነበረም። ሥራው ወሬ መሥራት ነው፤ ወሬ ሲያጥረው ደግሞ ይፈጥራል። ባለፈው ዓመት የሎሬይን ፊልም ሊከፈት ሲል ተጠልፋ ጠፋች ብሎ አስወርቶ ፖሊስ ሁለት ቀን ሲፈልጋት፣ በረሃው ውስጥ ካለ አንድ ሆቴል መዋኛ አጠገብ ብርቱካን ስትልጥ ተገኘች። ጋዜጠኞቹ ያን አልረሱለትም።

ኦፓል ስትነግረው ጊብስ አለቀሰ። እውነተኛ ልቅሶ ነበር፤ መሐረብ አውጥቶ መነጽሩን ጠረገ። ከዚያ የጽሕፈት መኪናውን ወደ ራሱ ሳበ።

«እውነት ነው ይሄ ሁሉ?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው የሚጎድለው ትንሽ ነገር ነው።»

«ምንድን ነው የሚጎድለው?»

«ሎሬይን። ኦፓል፣ እኔ አንቺን አከብርሻለሁ፣ ግን አንቺን ማን ያውቅሻል? ወንበሩ ላይ አንቺ ተቀምጠሽ ሳለ ሎሬይን ታሪኩን ሰምታ እግርሽ ሥር ራሷን ሳተች። ስትነቃ “አገረ ገዥው ይህን ልጅ ካልማረ አልቀረጽም” አለች። አሁን ሰው ያነባል።»

«አላለችም እኮ።»

«ትላለች። ከሰዓት በኋላ እነግራታለሁ።» ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አደረገ። «እሺ፣ እናት። ስሟ ማን ነው፣ የት ነው ያለችው?»

ኦፓል ወደ ውጭ አየች። መስኮቱ ሥር የሮማ ወታደር ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ሲጋራ እያጨሱ አለፉ።

«እሷን ተዋት፣ ጊብስ።»

«እናት ከሌለች ወሬ የለም። ያንቺ ውሳኔ ነው።»

የማለችለት ወንድሟ ዓርብ ይሞታል። መሐላዋን ብትጠብቅለትም ይሞታል።

«ዊላ ታኬት» አለች። «አርቪን።»

ማክሰኞ ፎቶ ተነሡ። ጊብስ ሎሬይንን ወንበሩ ላይ አስቀመጣት፤ ኦፓልን አጠገቧ አንበረከካት።

«ማይረን፣ ይሄ ነውር ነው» አለች ሎሬይን።

«ነውር የሚሆነው ማንም ካላነበበው ነው። አገጭሽን ቀና፣ ወደ መብራቱ።»

ሎሬይን ወደ ኦፓል ጎንበስ አለች። ሦስት ፊልም አብረው ሠርተዋል፤ በጆሮዋ ስታናግራት ያ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

«ትፈልጊዋለሽ ይህን? አልፈልግም ካልሽ አሁኑኑ ተነሥቼ እሄዳለሁ።»

«አትሂጂ» አለች ኦፓል። «እባክሽ፣ አልቅሺ።»

ሎሬይን አለቀሰች። ጥሩ ታለቅስ ነበር።

*

ወሬው ረቡዕ ወጣ። የወጣው በፊት ገጽ አይደለም፤ በሲኒማ ገጽ ላይ፣ በጥርስ ሳሙና ማስታወቂያና በፊልም ሰዓቶች መካከል ነው። የሎሬይን ፎቶ ትልቅ ነው። የኦፓል ፊት በግማሽ ተቆርጧል። መጨረሻው መስመር «ሐሙስ ማታ አትጠብቀኝ» በመስከረም ይከፈታል ይላል።

ሐሙስ ጠዋት ሌላው ጋዜጣ መለሰለት። ርዕሱ «ሎሬይን ቴልፎርድ ዘንድሮ ደግሞ ሞት ተፈረደባት» የሚል ነበር። ጋዜጠኛው ሥራውን በአግባቡ ሠርቷል፤ ወደ እስር ቤቱ ደውሎ ሬይ ኮልን በዋርድያ በኩል አስጠይቆታል። ሬይ ኮል እንዲህ ብሏል፦ «እህት የለኝም። እናቴ ድሮ ሞታለች። ፊልም ሠሪዎቹ ይተዉኝ።»

ኦፓል ይህን ያነበበችው በሎሬይን የልብስ ክፍል ደጃፍ ላይ ቆማ ነው። ሁለቴ አነበበችው። ዶይል ቃሉን ጠብቋል። እሷ ቃሏን አፍርሳ ልታድነው፣ እሱ ቃሉን ጠብቆ ሊሞት፣ በአንድ ገጽ ላይ ተገናኝተዋል።

ካፒቴን ሉደር ከአዳራሹ ግድግዳ ስልክ ወደ ቀድሞ ጓደኞቹ ደወለ። ኦፓል አጠገቡ ቆማ ስልኩ ውስጥ የሚስቀውን ሰው ትሰማ ነበር።

«ሃርላን፣ ስንት ከፈሉህ?» ይላል ሰውየው።

«ጆ፣ በልጆቼ ሞት፣ ወንድሟ ነው።»

«ባለፈውም ሴትዮዋ ተጠልፋ ነበር። ሰላም በልልኝ።»

ካፒቴኑ ስልኩን ሰቀለ።

«እናትሽ» አለ። «እናትሽ ራሷ መምጣት አለባት። የልደት ወረቀት፣ ፎቶ፣ ምንም ይሁን ይዛ።»

አርቪን ውስጥ ስልክ ያለው ባለ ሱቁ ጋ ብቻ ነበር፤ እሱም ፓስተር ነው። ፓስተሩ ስልኩን ሲያነሣ ድምፁ ቀዝቃዛ ነበር።

«እህት ዊላ ዛሬ በሌሊቱ አውቶቡስ ሄዳለች። ጋዜጣውን አንድ ሰው አንብቦላት።»

«ወዴት ሄደች?»

«ወደ አንቺ ነዋ። ወደ ሲኒማው ቤት።» ሊዘጋ ሲል ጨመረ። «መርከብ ላይ ነው ብላ ስታስጸልየን ነበር፣ ኦፓል።»

ከሰዓቱን ሙሉ ጠበቀቻት። ስትቀመጥም፣ ስትነሣም፣ ፓውዛው ዓይኗን ሲያቃጥላትም ዓይኗ በር ላይ ነበር። ካፒቴኑ ዋናው በር ድረስ ሄዶ ዘበኛውን ጠየቀ። ታኬት የምትባል ሴት አልመጣችም ተባለ። ሲመሽ ኦፓል አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደች። አንዲት ባለ ጥቅል አሮጊት ስታይ ትሮጣለች፤ ሌላ ሰው ትሆንባታለች።

*

ዊላ ታኬት ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ስቱዲዮው በር ደርሳ ነበር።

የዱቄት ከረጢት ጨርቅ ተሰፍቶ የተሠራ ቀሚሷን ለብሳለች፤ የፀሐይ ባርኔጣ አድርጋለች፤ በገመድ የታሰረ ጥቅል ይዛለች። እጆቿ የጥጥ ለቃሚ እጆች ናቸው። ዘበኛው ቀና ብሎ ሲያያት ያየው ሌላ ነገር ነው። ያን ሳምንት ስቱዲዮው ስለ ድርቅ ዘመን ገበሬዎች ሌላ ፊልም እየሠራ ነበር፤ ለመቁጠር የሚታክቱ የገጠር አሮጊቶች በፊልሙ ሕዝብ ሆነው ለመታየት በአጃቢነት ተፈልገው በየቀኑ ይመጡ ነበር። አንዷም ግን ልብሱና መልኩ ይህን ያህል የተሳካላት አልነበረችም።

«አጃቢ ነሽ?»

«ስለ ልጄ ነው የመጣሁት።»

«ሁሉም ስለ ልጁ ነው የሚመጣው። በጎን ባለው በር ግቢ፣ ቁጥር ይሰጡሻል። እስክትጠሪ ቁጭ በይ።»

ቁጥር ሰጧት። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዙሪያዋን የተቀመጡት ሴቶች እንደ እሷ የለበሱ ስለነበሩ እነሱም ስለ ልጆቻቸው የመጡ መሰላት፤ አዘነችላቸው። በድርቁ ዓመታት የእርዳታ ቢሮ ሰልፍ ላይ አንድ ነገር ተምራ ነበር፦ ከወንበሯ የተነሣች ተራዋን ታጣለች፤ የጮኸች ደግሞ ትባረራለች። ስለዚህ አልተነሣችም፣ አልጮኸችም። አንድ ጊዜ ወረቀት የያዘ ወጣት ሲያልፍ «ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ጌታዬ፣ ልጄ ዓርብ ነው» አለችው። «ዓርብም ሥራ አለ፣ እማማ፣ አትስጊ» ብሏት አለፈ።

ማታ ነገ ተመለሱ ተባለ። አጠገቧ የነበረች አንዲት አጃቢ ማደሪያ እንደሌላት ስታውቅ ይዛት ሄደች። ዓርብ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ተመልሳ ተቀመጠች።

ኦፓል ያገኘቻት ወደ ሥራ ስትገባ በጎን በር በኩል ስታልፍ ነው። መጀመሪያ ያወቀችው ጥቅሉን ነው፤ የዶይል የድሮ ቀበቶ ከገመዱ ጋር ታስሮበት ነበር።

«እማ።»

እናቷ ቀና አለች። ጥቅሉን ብድግ አደረገች።

«አንቺ ነሽ እንዴ የምትጠሪው? ተራዬ ደረሰ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የተቀመጥሽው?»

«ትናንት እዚያ ወዲያ ጥጉ ላይ ነበርኩ። ዛሬ ቀረብ ብያለሁ።»

ኦፓል እጇን ይዛ ሮጠች። አሮጊቷ አብራ ሮጠች፤ ምንም አልጠየቀችም። ጊብስ ቢሮ ሲገቡ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም። ካፒቴን ሉደር ቀድሞ እዚያ ነበር። ጊብስ ሴትዮዋን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ፤ ፊቱ ጨው መሰለ።

«እናቴ ናት» አለች ኦፓል። «ደውል።»

«ኦፓል፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ—»

«ደውል አልኩህ።»

ካፒቴኑ ስልኩን ከጊብስ እጅ ነጥቆ ራሱ ደወለ። መስመሩ እስኪገኝ ቆየ። ከአገረ ገዥው ቢሮ ምሕረት የሚመለከተው ጸሐፊ ተገኘ። ካፒቴኑ ስልኩን ለዊላ ሰጣት፤ የትኛው ጫፍ በጆሮ እንደሚሆን አሳያት።

«ጌታዬ» አለች ዊላ። «ዊላ ታኬት ነኝ። ሬይ የምትሉት ልጅ ዶይል ነው ስሙ። እኔ ነኝ የወለድኩት። ግራ ትከሻው ላይ ጠባሳ አለ፤ ልጅ ሆኖ ምድጃ ላይ ተደግፎ ነው። ሰው ልካችሁ ብታዩ ታገኙታላችሁ። ሰው አልገደለም። ቢገድልም ልጄ ነው፤ ግን አልገደለም። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።»

ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ድምፅ ትሑት ነበር። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሁሉም ሰማው።

«እመቤት፣ የሬይ ኮል እናት ረቡዕ ዕለት ደውላለች።»

«እኔ አልደወልኩም፣ ጌታዬ። እኛ ቤት ስልክ የለም።»

«ደውላለች። ከእርስዎ ይልቅ በደንብ ታለቅስ ነበር። የቢሯችን ታይፒስት ድምፅዋን አወቀቻት፤ በየቀኑ ራዲዮ ላይ ተከታታይ ድራማ የምትጫወተው ሴትዮ ናት። ለአለቆችዎ እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ፦ እዚህ የምንሠራው በሰው ሕይወት ላይ ነው።»

«ጌታዬ፣ እኔ አለቃ የለኝም።»

«እርስዎም ጎበዝ ነዎት፣ እመቤት። እንዲያውም ከእሷ እርስዎ ይሻላሉ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ዊላ ስልኩን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች። ኦፓል ወደ ጊብስ ዞረች።

«አላገኘናትም ነበር» አለ ጊብስ። «ቤቷ ስልክ የለም። ሰው ለመላክ ጊዜ አልነበረም። የእናት ድምፅ ያስፈልግ ነበር፣ አንቺም ታውቂያለሽ። እውነት እኮ ነው፣ እናት አለችው፤ እናቱ ብትደውል የምትለውን ነው ያለችው። አሪፍ ተዋናይ ነበረች። ከኪሴ ነው የከፈልኳት፣ ኦፓል።»

ካፒቴኑ ስልኩን ከዊላ እጅ ወስዶ እንደገና ደወለ። አላነሡም። እስር ቤቱ ደወለ፤ ዋርድያው ጠባሳውን ሂዶ እንዲያይ ለመነው። «በዚህ ሰዓት ማንም አይገባም፣ ሃርላን፣ አንተ ራስህ ያወጣኸው ደንብ ነው» አለው። ካፒቴኑ ይህን ለኦፓል አልነገራትም፤ በኋላ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የነገራት።

ዊላ ጥቅሏን አነሣች።

«ሌላ የምንጠይቀው ቢሮ አለ?»

«የለም፣ እማ።»

«እንግዲያው የት እንደሚያስቀምጡት አሳዪኝ። ጋዜጣው ወንበሩ አንቺ ጋ አለ ይላል።»

*

አዳራሹ ውስጥ መብራት ሠራተኞቹ መሰላል ላይ ነበሩ። የዚያን ቀን የሚቀረጸው የመጨረሻው ትዕይንት ነው። ረዳት አዘጋጁ ኦፓልን ሲያያት ሰዓቱን አሳያት።

«የት ነበርሽ? ወንበርሽ ላይ። ይቺ ማን ናት?»

«እናቴ ናት።»

ካፒቴን ሉደር ጆሮው ላይ አንድ ነገር ነገረው። ረዳት አዘጋጁ ለአሮጊቷ ገለል አለላት። ከላይ የነበሩት ሰዎች ጋዜጣውን አንብበው ነበር፤ ማንም አልቀለደም።

«ዛሬ ሌላ ሰው ይቀመጥ» አለ ካሜራማኑ።

«ቁጭ በይ፣ ኦፓል» አለች ዊላ።

«እማ፣ አይሆንም።»

«ቁጭ በይ። እንዴት እንደሚሆን ልየው። እኔ አላየሁትም፤ እሱን ስሸኘው መርከብ የሚሄድ ነው የመሰለኝ።»

ኦፓል በብረቱ በር ገብታ ተቀመጠች። እጆቿን እንደ ለመደችው ክንዶቹ ላይ አደረገች። ከአናጢዎቹ አንዱ ማሰሪያውን ሊያስር መጣና ወደ ካፒቴኑ አየ፤ ካፒቴኑ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። አናጢው አላላ አድርጎ አሰራት። ፓውዛው በራ። ሁልጊዜ እንደሚሆነው መስታወቱ ጠፋባት፤ ከብርሃኑ በስተጀርባ ያሉት ሰዎች ጠፉ። ወንድሟ የሚያየው ይህ አይደለም፤ እዚያ ፓውዛ የለም። ሌላው ሌላው ግን ይመሳሰላል። በሌላ ሰው ቦታ ከመቀመጥ ሌላ ሥራ ኖሯት አያውቅም።

ካሜራማኑ እንደ ወትሮው «ግራ፣ ቀኝ፣ ዝቅ» አላለም። ዓይኑን ከካሜራው አነሣ።

አራት ሰዓት ሲሆን ካፒቴን ሉደር ባርኔጣውን አወለቀ።

«አሁን ነው» አለ።

ኦፓል ትንፋሿን ይዛ ነበር። የነገራት ትዝ አላትና ሳበችው። አሁን እሱም ይስበው ብላ፣ ምነው በነገርኩት ብላ፣ ረዥም አድርጋ ሳበችው። የአዳራሹ አየር ትኩስ ቀለምና የጋለ መስታወት ይሸታል።

ከመብራቱ ጀርባ የእግር ድምፅ ተሰማ። እናቷ በሩን አልፋ ገባች። ጥቅሏን መሬት አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ የግራውን ማሰሪያ፣ ቀጥሎ የቀኙን ፈታች፤ ጣቶቿ ወፍራም ስለሆኑ ጊዜ ወሰደባት። ማንም አልቸኮለባትም። ማሰሪያው የነበረበትን ቦታ በአውራ ጣቷ አሻሸችው፣ የሕፃን እጅ ሲበርድ እንደሚደረገው።

«አጥብቀውበታል» አለች።

«አላጠበቁም፣ እማ። ይሄ የውሸት ነው።»

«አጥብቀውበታል» አለች እንደገና፣ እያሻሸች።

እንደዚያ ቆዩ። መሰላሉ ላይ ከነበሩት አንዱ አፍንጫውን ጠረገ። አዘጋጁ ከወንበሩ ተነሥቶ ሰዓቱን አየ፤ አዳራሹ የተፈቀደላቸው እስከ ማታ ብቻ ነው፣ ክፍሉ ነገ ይፈርሳል። ለረዳቱ በዓይኑ ምልክት ሰጠው። ረዳቱ ወለሉን እያየ ጉሮሮውን ጠረገና ሁልጊዜ የሚለውን፣ የዚያን ቀን ግን ዝግ ባለ ድምፅ፣ ተናገረ።

«ዋናዋ ትምጣ።»

ኦፓል ተነሣች።